ለጋሼ ነው

እታለም ራስጌውን ይዛለች፣ እኔ ግርጌውን፣ አልጋው ደግሞ በሩ መሃል ተሰንቅሮ አልወጣም አልገባም ብሏል። እኔ «ወደ ግራ አድርጊው!» እላለሁ፣ እሷ «የማን ግራ? ያንተ ነው የኔ?» ትላለች። አልጋው የድሮ አልጋ ነው፣ አራት ሰው የሚያነሳው ዓይነት፤ አናጢው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሠርቶት ይሁን፣ ቤቱን አልጋው ዙሪያ ሠርተውት ይሁን እግዜር ይወቅ። በመጨረሻ ጉልበት አለኝ ብዬ በትከሻዬ ገፋሁት። ወጣ። ሲወጣ ግን የእታለምን የእግር አውራ ጣት ጨፍልቆ ነው የወጣው። እታለም ጥሩብርሃን ታላቅ እህቴ ናት። ቢሮ ውስጥ ብታዩዋት ፊቷን አይታችሁ ነው ጉዳያችሁን የምትተዉት። ያን ቀን ግን ለአቧራው ብላ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን ታቅፋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። እኔስ ምን አልኳት? «ቀስ በይ፣ ጋሼ ይሰማሉ።» አይዞሽ እንኳን አላልኩም።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉ ጋሼ ከጓሮ።

«ቤት እያጸዳን ነው ጋሼ! እርስዎ ፀሐይዎን ይሙቁ!»

ጋሼ የምንላቸው የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ጋሼ ገብረ ኪዳን። ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ ባቡር ላይ ትኬት ሲበሱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ማርቆስ እኛ ቤት ገቡ። አልጋው የሳቸው ነው። በሩ ወደ ግቢ የሚወጣው ክፍልም የሳቸው ነው። እማዬ ቅዳሜ ገበያ እስክትሄድ ጠብቀን እያወጣነው የነበረው ያን አልጋ ነው፤ ሳሎን ቡፌው ጥግ ልናስገባው። ምክንያቱን ስነግራችሁ አትሳቁ። ባቡሬ አድጎ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጋሼ ከድሬዳዋ ሲመጡ ይዘዋት የመጡት ባቡር አለች። አብሯቸው የሠራ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሰጣቸው ናት፤ ከነሀዲዷ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትገባለች። ራሷ ጣቴን ታህላለች፣ ፉርጎዎቿ የክብሪት ቀፎ። ከእውነተኛው ባቡር መቶ ስልሳ ጊዜ ታንሳለች። አንዴ እማዬ ምስር ስትለቅም ፉርጎ አግኝታ «ጠጠር መስሎኝ ልወረውረው ነበር» ብላለች። ጋሼ ከሰዓት በኋላ የልብስ ሳጥናቸው ላይ ሀዲዱን ዘርግተው ያዞሯታል፣ እኔ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ፣ ሁለታችንም አንነጋገርም፤ እሷ ትዞራለች። ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው መጣ። አሁን ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስጠግተው ድምጿን ነው የሚሰሙት። «መታጠፊያው ጋ ደረሰች» ይላሉ። አንዳንዴ ከሀዲዷ ወጥታ በጎኗ ተጋድማ ሞተሯ ብቻ ይዞራል፤ ድምጿ ግን ያው ነው። ጋሼ «እየሄደች ነው፣ እየሄደች ነው» ይላሉ። እኔ ቀስ ብዬ አንስቼ ሀዲዷ ላይ እመልሳታለሁ። አልነግራቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው?

እዚህ ላይ እኔ ደጉ ልጅ ምስጋናው እገባለሁ። ጋሼ ሊያዩት የሚችሉት ትልቅ ባቡር ልሠራ ተነሳሁ። በስልክ ጥገና ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የዘይት ቆርቆሮ እየቆረጥኩ፣ ከተበላሸ ሚኒባስ የመስታወት መጥረጊያ ሞተር አውጥቼ። ጎማዎቹን ቶርኖ ቤት አስወጣሁ፤ ለምንድን ነው ሲሉኝ «ለጋሼ ነው» አልኩ፤ ዋጋ ቀነሱልኝ። ሀዲዱን የመስኮት ፍሬም ከሚሠሩት ልጆች ጋ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ለቅሜ ነው የሠራሁት። የአሉሚኒየምን ዋጋ ሰምታችኋል? አትስሙ። ግን «ለጋሼ ነው» ስላቸው ቁርጥራጩን እንዲሁ ሰጡኝ። «ለጋሼ ነው» የማትከፍተው በር አልነበረም። እማዬ ብቻ ናት ያልገባት። «ከመቶ ስልሳ ወደ ሃያ ሁለት ልወርድ ነው እማዬ» ስላት «ወርደህ ነው የምትተልቀው?» አለችኝ። ቁጥሩ ሲያንስ ባቡሩ ይተልቃል ብዬ አስረዳኋት። ሽንኩርቷን እየከተፈች «ያንተ ነገር መቼ በቀና ሄዶ ያውቃል» አለችና ወደ ሌላ ወሬ አለፈች።

እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? እውነቱ ለጋሼ አልነበረም። እውነቱ ሔዋን ናት። ሔዋን መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፣ ስልኳን ላሠራ ብላ ሱቄ ስትመጣ የትንሿን ባቡር ቪዲዮ አሳየኋት፤ ሊያስደንቃት ነው ብዬ ትንፋሼን ውጬ ስጠብቅ «ውይ ስታምር! ለልጆች ነው?» አለችኝ። ለልጆች! በዚያ ላይ ቴሌግራም ላይ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ግሩፕ አለ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ሰው ተቀምጦበት የሚሄድ ባቡር አላቸው። እኔ የኔን ስለጥፍ አንዱ ከታች «ዱቄት ውስጥ እንዳትጠፋብህ» የሚል ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የጋሼ ዓይን በጣም ያሳሰበኝ።

ባቡሩ አለቀ። ቀይ ነው፣ ርዝመቱ ክንዴን ያህላል፣ ሁለት ፉርጎ ይጎትታል። ችግሩ ትልቅ ባቡር እንደ ትንሹ እጥፍ ብሎ አይዞርም፣ ሰፋ ያለ ዙር ይፈልጋል። ለሀዲዱ የሠራሁት የቺፕውድ ጠረጴዛ ሱቄ አይገባ፣ ሳሎን አይገባ፣ ማድ ቤቱ እንጨት ሞልቶበታል። ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ። የሚገባው የጋሼ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም አልጋው ከወጣ። እንግዲህ ባቡሩን እንዲያዩት ብዬ ከክፍላቸው ላስወጣቸው ነው ማለት ነው። ይኼን ስታነቡት ነው የሚያስቃችሁ፤ ያኔ ለእኔ ሒሳብ ነበር።

ለምን አልጠየቅኳቸውም? ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰርፕራይዝ ነዋ!

የዚያን ቀን ጠዋት መጀመሪያ ያደረግሁት ሸራ ፍለጋ መሄድ ነው። ጠረጴዛውን በሁለት ክፍል ነበር የሠራሁት፤ ግቢ ውስጥ አገጣጥሜ ሙጫ ቀብቼ እስኪደርቅ መጠለያ ያስፈልገዋል። ግንቦት ነው፤ የጮቄ ተራራ ደመና መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሰፊ ሸራ ያለው ደግሞ እድሩ ነው። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ እንዳላማው ይባላል፤ ጥሩንባ ነፊውም እሱ ራሱ ነው። ቤቱ ሄጄ «እንዳላማው፣ ሸራ ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ሸራ? ለማን?» አለኝ።

«ለጋሼ ነው» አልኩት። ከልማድ። አፌ ለምዶታል በቃ።

እንዳላማው አየኝ። ኮፍያውን አወለቀ። መጋዘኑን ከፈተና ሸራውን፣ ካስማውን፣ ገመዱን ሁሉ አወጣልኝ። «መታወቂያ ላስይዝ?» ብለው «ኧረ ተው፣ አሁን የመታወቂያ ጊዜ ነው?» አለኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አይዞህ፣ በርታ። እናትህን አደራ» አለኝ። እኔ ሸራውን ተሸክሜ ስመለስ ምን እያሰብኩ ነበር መሰላችሁ? በዚህ ከተማ የፈጠራ ሥራ የሚገባው አንድ ሰው ተገኘ እያልኩ ነበር። በእግዜር ስም።

እስቲ ደግሞ ግቢያችንን ከአጥር ውጭ ሆናችሁ እዩት። ጋሼ ሁለት እሑድ ጉንፋን ይዟቸው ቤተ ክርስቲያን አልታዩም። የእድሩ ሸራ ተተክሏል። የጋሼ አልጋ ውጭ ወጥቷል። ፍራሻቸው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፣ ብርድ ልብሳቸው ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ታላቅ እህቴ ጥቁር ሻሽ አስራ ደጃፍ ላይ ትንሰቀሰቃለች። ባለቤቱ ግን ከቤቱ ኋላ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከመንገድ አይታዩም። ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ሰንበት በአጥሩ ቀዳዳ አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ሄደች። አይቻታለሁ። ብድር ልትጠይቅ መጥታ ሥራ ላይ ስታየን አፍራ የተመለሰች ነው የመሰለኝ። ምነው ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አይጠየቅም።

ጥቂት ቆይቶ ከላይ ሰፈር የጥሩንባ ድምፅ ተሰማ። «ደግሞ ማን ሞተ ይሆን?» አልኳት እታለምን። «ነፍስ ይማር» አለች እሷ፣ ጣቷን በጨርቅ እየጠቀለለች። እኔም ነፍስ ይማር ብዬ ድሪሌን አስነሳሁ፤ ስለዚህ እንዳላማው ሲጠራ የነበረውን ስም አልሰማሁትም። ጥሩንባው እየቀረበ ሲመጣ የኔም ድሪል እየጮኸ፣ ሁለታችንም የየራሳችንን ሥራ በትጋት እየሠራን።

ጠረጴዛው ቆመ፣ ሀዲዱ ተገጠመ። ባቡሩን አስቀምጬ ባትሪውን ሳገናኘው መጀመሪያ ተንዘፈዘፈ፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ተነሳና ሄደ። ዞረ! እታለም እንኳን ጣቷን ረስታ «ኧረ ይኼ ልጅ!» አለች። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ልቀርጽ ስል ስልኩ ጠራ። የሌላው አጎቴ ልጅ ጸጋው ነው፣ ደምበጫ የሚኖረው።

«ምስጋናው፣ አይዞህ ወንድሜ። ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«የማን ቀብር?»

«እንዴት የማን? የጋሼ ነዋ! እኛ መኪና ይዘን ተነስተናል።»

«የየትኛው ጋሼ?» እላለሁ እኔ፣ ባቡሩን በዓይኔ እየተከተልኩ። አንገቴን አሰገግኩና ወደ ጓሮ አየሁ። የጋቢያቸው ጫፍ ይታየኛል፤ እንዲያውም በዚያች ቅጽበት አስነጠሱ። «ጸጋው፣ ጋሼ እኮ አልሞቱም፣ ጓሮ ናቸው» አልኩት። እሱም በጣም ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገረው፣ «እሺ ወንድሜ፣ እሺ። ውኃ ጠጣ። አጠገብህ ሰው አለ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው በሩ ተከፈተና ሰፈሩ ገባ።

ወንዶቹ የእድሩን አግዳሚ ተሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እትዬ ወለተ ሰንበት ከፊት ሆና ደረቷን ትደቃለች። ቆይ ስሙኝ፣ ቆይ ልንገራችሁ ብል ማን ይሰማኛል? አንድ ሽማግሌ ጭንቅላቴን እቅፍ አድርገው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱኝ፤ «አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ» ይላሉ። ጋቢው ውስጥ ሆኜ «አልሞቱም» እላለሁ፣ እሳቸው «አዎ፣ ለኛ አልሞተም» ይላሉ። እታለም በበኩሏ ሴቶች ይዘዋት፣ ስታነክስ አይተው ራሷን ጥላ የተሰበረች መስሏቸው የባሰ ያለቅሳሉ። ከኋላ ባቡሩ አሁንም እየዞረ ነው። የሚያጠፋው የለም።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። እኔም ሰው ሰብስቤ ስተርክ እዚህ ድረስ ነው የምተርከው።

እማዬ መጣች። ገበያ መሃል ነው የነገሯት። ዘንቢሏን እዚያው ጥላ፣ አንድ ጫማዋን መንገድ ላይ ጥላ ነው የመጣችው። እናቴ ድምፅዋ የማይሰማ ሰው ናት፤ ከጋሼ ጋር በቀን አሥር ቃል አይነጋገሩም፤ ብላ፣ በላሁ፣ ቀዝቅዟል፣ አሞቅልሃለሁ፣ ይኼው ነው። አልጋውን ውጭ ስታይ እንጨቱን ይዛ ተንበረከከች። «ወንድማለም! ወንድማለም! አገር ለአገር ሰው ስታደርስ ኖረህ፣ አንተን ማን አደረሰህ? ጠዋት ሽሮው ቀዘቀዘ ብትለኝ ተቆጣሁህ፤ ወንድማለም፣ በሽሮ ተጣልተን ነው የተለያየነው! እንኳን መጣህልኝ ብዬ ሳልነግርህ! ቤቴ ገብተህ ስትኖር አንድ ቀን እንኳን፣ አንድ ቀን እንኳን እንኳን መጣህልኝ ሳልልህ!» እኔ ከሽማግሌው ጋቢ ስወጣ ይኼን ነው የሰማሁት። አልጋው ላይ ፍራሽ የለም። ሳንቃውን ነው የምትስመው።

ያኔ ከቤቱ ጥግ ጋሼ ብቅ አሉ። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ።

«እቴናት» አሉ እማዬን፣ «ማነው የሞተው?»

እትዬ ወለተ ሰንበት «በስመ አብ!» ብላ አግዳሚ ተሸክመው በቆሙት ሰዎች ላይ ወደቀች፣ እነሱ አግዳሚውን ለቀቁት፣ አግዳሚው የእንዳላማው እግር ላይ። ሕዝቡ ግማሹ ወደ በር፣ ግማሹ ወደ ጋሼ። እማዬ ግን ቀስ ብላ ተነሳች። ሄዳ ፊታቸውን በሁለት እጇ ዳበሰች፤ ግንባራቸውን፣ ጆሯቸውን፣ አገጫቸውን። ከዚያ ደረታቸውን በቡጢ መታቻቸው፣ አንድ ጊዜ፣ ጠንክራ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከለችላቸው። ጓሮው ከሸራው ብዙ አይርቅም፤ ሽሮውንም፣ እንኳን መጣህልኝ የሚለውንም፣ ሁሉንም ሰምተዋል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «አሁን ሽሮው ትኩስ ነው?» አሉ። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አሁንም አላውቅም።

እኔን የመታችኝ ከዚያ በኋላ ነው። በዚያችው በቀረችው አንድ ጫማ።

የነፍስ አባታችን አባ ዘማርያም መስቀልና ጃንጥላ ይዘው ሲደርሱ ሟቹ በር ላይ ተቀበሏቸው። አባ ቆመው አዩአቸውና «ለፍትሐት ነበር የመጣሁት ገብረ ኪዳን፣ አሁን ምን ልድገም?» አሉ። «ጸሎተ ማዕድ ይድገሙ፣ ንፍሮው በስሏል» አሉ ጋሼ። እውነትም በስሏል፤ ጎረቤት በየቤቱ ጥዶ ነበርና። ሰዉም መጥቷል፣ አግዳሚውም መጥቷል፣ ተቀመጠ። እንዳላማው ብቻ ነው ያልተቀመጠው። አንድ እግሩን አንጠልጥሎ «ልቅሶ የሚነገርበት ጥሩንባ አለ፣ ልቅሶ ቀረ የሚባልበት ጥሩንባ የለም! እኔ አሁን ምን ብዬ ነው የምነፋው?» እያለ ይዞራል። ከሮብ ገበያ ከተማ የተነሱ ዘመዶች መንገድ ላይ ናቸው። ጸጋውም ደውሎ «እንግዲህ ወጥተናል፣ ደስታም ቢሆን እንመጣለን» አለኝ።

ጋሼ በሸራው ሥር አልጋቸውን በእጃቸው ፈልገው አገኙትና ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። ዳበሱት። ራስጌውን፣ ጠርዙን።

«ይኼ የኔ አልጋ አይደለም እንዴ?»

ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ንፍሮ የሚያኝክ አንድ ሰው ብቻ ማኘኩን ማቆም አቅቶት ይሰማል።

«ለምን ወጣ?»

«ለርስዎ ብዬ ነው ጋሼ» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት። ሌላ ዓረፍተ ነገር የለኝም መሰለኝ። ቀሪውን እታለም ነገረቻቸው፤ ትልቅ ባቡር ክፍላቸው ውስጥ ሊገባ እንደሆነ።

«እንዲህ ከሆነማ ሰዉ ምን አጠፋ?» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ሳይጨምር። «አልጋዬ ወጥቷል፣ ሸራው ተተክሏል፣ ክፍሌ ለሌላ ተሰጥቷል። በትክክል ነው የመጡት። የቀረሁባቸው እኔ ነኝ።»

ባለቅስ ይሻል ነበር። አባ ዘማርያም ወደ መሬት አዩ። እታለም ያን የተጠቀለለ ጣቷን ታያለች። እማዬ ደግሞ እኔን። አንድ ጊዜ እንኳን አልጮኸችም፤ «ጠይቀኸው ነበር?» ብቻ አለችኝ። ባቡሩ ላይ ያዋልኩት ጊዜ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ጎማውን ስለካ፣ ቆርቆሮውን ሳጣጥፍ፣ ቀይ ቀለም ስመርጥ፤ አንድ ቀን እንኳን «ጋሼ ትልቅ ባቡር ይፈልጋሉ?» ብዬ አላውቅም።

«በል» አሉ ጋሼ፣ «ያስወጣኝን ነገር አሳየኝ እንግዲህ።»

ጠረጴዛውን ወደ አልጋው አስጠጋሁት። ባትሪውን አገናኘሁ። ባቡሩ ተነሳ፣ እንደ ትልቅነቱ ከባድ ድምፅ እያሰማ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ሊያስጠጉ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ቆም አሉ። ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ባቡሩ በፊታቸው አለፈ፣ ፊታቸውም አብሮት ዞረ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ዞሩ። በጆሯቸው አልነበረም።

«ቀይ ነው?» አሉ።

«ቀይ ነው ጋሼ።»

«ቀይ ነው» አሉ ለእማዬ፣ እሷ የማታየው ይመስል። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ያቺን ከድሬዳዋ ጀምሮ የማትለያቸውን የትኬት መብሻ አወጡና ሰዉን ዞረው አዩ። «ትኬት!» አሉ። ከዚያ አባ ዘማርያም ከኪሳቸው አንዲት ወረቀት አውጥተው ዘረጉ፤ ጋሼ በእጃቸው ዳብሰው ጠርዟን ፈለጉና በሷት። ሌላው ተከተለ፤ ደረሰኝ ያለው ደረሰኝ፣ የሌለው የማስቲካ ልጣጭ። እትዬ ወለተ ሰንበት እንኳን ከድንጋጤዋ ነቅታ «ለኔም፣ ለኔም» አለች። እንዲህ ያለ ልቅሶ አይቼ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ሰዉ እየተሰናበተ ወጣ። ደመናው ከጮቄ በኩል ጥቁር ሆኖ ወረደ። እንዳላማውም እያነከሰ መጥቶ ሸራውን ይፈታ ጀመር። «ይቅርታ፣ ደንቡ ነው፣ ሟች የሌለበት ሸራ አያድርም» አለኝ፤ አልተከራከርኩትም፣ ምን ፊት አለኝ? የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጠረጴዛው ላይ ማረፍ ጀመሩ። ቺፕውድ ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ያበቃለታል፤ ሀዲዱም አብሮት። አልጋውም ውጭ ነው። ክፍሉ አንድ ነው። ሳሎን የሚገባው አልጋው ብቻ ነው፣ ጠረጴዛው ግን የትም አይገባም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «አልጋውን ወደ ክፍሉ አስገባ። ቆርቆሮውን ሰኞ ለቆራሌው ሸጠህ ትገላገላለህ» አለችና ፍራሹን ልታነሳ ሄደች። እታለም ራስጌውን ያዘች። እኔ ግርጌውን ልይዝ ጎንበስ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው ሳቡት።

«ባቡሩን አስገባ» አሉኝ። «እኔ ሳሎን እተኛለሁ። ለእናትህ ግን እኔ አልኩ እንዳትል።»

«ለምን ጋሼ?»

«ዛሬ ሰፈር ሙሉ አልቅሶልኛል። በአሻንጉሊት አልጋውን ለወጠ ከተባልኩ ጃጀ ይሉኛል። እቴናት ደግሞ ፀበል ነው የምትወስደኝ። አደራህን።»

አያችሁ እንግዲህ? «ለጋሼ ነው» እያልኩ የዋሸሁበት ጊዜ ሁሉ ሰው አመነኝ። ዛሬ ለአንዴ እንኳን እውነት ሲሆን እንዳልናገረው ቃል አስገቡኝ። አልጋውን ባስገባ ጨዋ ልጅ ነኝ፣ እናቴ ይቅር ትለኛለች፣ ሰፈሩም ተመከረ ይለኛል፤ ጋሼ ግን ነገ ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስጠግተው በጎኗ የተጋደመችውን ባቡር «እየሄደች ነው» ይላሉ። ባቡሩን ባስገባ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጉድ በኋላ አጎቱን ዳግመኛ ከክፍሉ ያስወጣ አውሬ ነኝ፣ አፌንም መክፈት አልችልም። እታለም «ያዝ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!» ትላለች። ዝናቡ ጠንክሯል። እማዬ ፍራሹን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ጋሼ እጃቸውን ክንዴ ላይ እንዳደረጉ ናቸው።

እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ የቱን ታነሱ ነበር?